ከሊፔ ጋር የተቀበረው መጽሐፍ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ዝላቴ፤ ክሮቲንገን።

እንደምን ከረምሽ፣ እትዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው ደብዳቤሽ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽኝ ስለነበር ሐሳቤ ከዚያ ደረጃ ላይ አልወረደም። የባልሽ የዙስማን ሳል ተሻለው? ልጅሽ ሂንዴና ልጇስ ደህና ናቸው? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ዶብሬም ደህና ናት። እዚህ የከፋው ጭጋጉ ብቻ ነው፤ ከባሕሩ ተነሥቶ ከተማውን ከዋጠው ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ሰው ጎረቤቱን የሚለየው በሳሉ ሆኗል። በዚህ ጭጋግ ውስጥ ስሄድ አንዳንዴ ሰንደርላንድ መሆኔን እረሳና የእናንተው ወንዝ ዳር የቆምኩ ይመስለኛል፤ የመርከብ ጡሩምባ ሲጮህ ነው ወደ ልቤ የምመለሰው።

ሁለት ጊዜ መጽሐፉ የት ደረሰ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሁለቴም ስለ ጤናና ስለ አየሩ ጽፌ አለፍኩት። ዛሬ እውነቱን ልንገርሽ። መጽሐፉ አይመጣም። ጠፋም ማለት አልችልም፤ የት እንዳለ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ከመሬት በታች ነው።

ከቤት የወጣሁበትን ቀን መቼም አትረሺውም። አባባ ከሞተ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሕጋችንን መጽሐፍ ታልሙድን ሲያስተምር ኖሮ አንዲት ገጽ ሳይጽፍ ሄደ፤ ትርጓሜው ሁሉ የቀረው በእኔና በጥቂት ተማሪዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ጋሪው ሊነሣ ሲል እጄን ይዘሽ ቃሉ እንዳይጠፋ አደራ አልሽኝ። እኔም ሁሉንም ጽፌ፣ ቪልና ከተማ አሳትሜ፣ ስሙን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አኑሬ እልክልሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁልሽ።

እዚህ ያሉት የአገራችን ሰዎች ረቢ ይምጣልን ብለው ሲጽፉ ትምህርቴን ፈልገው መስሎኝ ነበር። ወጣት ነበርኩና ምን አውቄ። የፈለጉት ለዶሮ ነው። ግማሹ ሰፈር ልብስ ሰፊ ስለሆነ ዶሮው ሁሉ መርፌ ይውጣል፤ ሴቶቹ የታረደችውን ዶሮ በጨርቅ ሸፍነው ይመጡና በሕጉ ትበላለች ወይስ አትበላም ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ የዶሮ ሆድ ስመረምር፣ ባልና ሚስት ሳስታርቅ፣ እዚህ የተወለዱት ልጆች በእንግሊዝኛዬ ሲስቁ አብሬያቸው ስስቅ ውዬ ይመሻል። የሰንበት ስብከቴ ላይ መርከብ ሠሪዎቹ ያንቀላፋሉ፤ እኔም አልፈርድባቸውም። የራሴ የምላት ጧት ከጸሎት በፊት ያለችዋ አንድ ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት ሃያ ሁለት ዓመት ጻፍኩ። ዘንድሮ በፀደይ ጨረስኩት።

ጣሪያችን ያፈሳል። ዝናብ እንዳያገኘው ብዬ መጽሐፉን በአሮጌ የጸሎት መጎናጸፊያዬ ጠቅልዬ በምኩራቡ የሴቶች ሰገነት ላይ ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ያረጁና የተቀዳደዱ ቅዱሳት መጻሕፍትም የሚከማቹት እዚያው ነው። የአምላክ ስም ያለበት ወረቀት እንደማይቃጠልና እንደማይጣል፣ እንደ ሰው እንደሚቀበር ለአንቺ አልነግርሽም። እዚህም እንደ እኛ አገር ሰው ሲሞት ከጎኑ ይቀብሩታል፤ ለሟቹም ክብር ነው።

በነሐሴ ሊፔ ሞተ። ሊፔ በአቶ ማርጎሊስ የካፖርት ፋብሪካ ልብስ የሚተኩስ፣ ሸሚዙ ከእንፋሎቱ የተነሣ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ዝምተኛ ሰው ነበር። የማታ ትምህርት ስሰጥ መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ማንበብ እምብዛም አይችልም፤ ጎረቤቱ ገጽ ሲገልጥ እሱም ይገልጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን አይቻለሁ። አንድ ቀን ግን ጎኑ ተቀምጬ ና ላሳይህ አላልኩትም።

በቀብሩ ጧት የምኩራቡን አገልጋይ ጌጸልን ጠርቼ፣ ቁም ሳጥኑ ሞልቷልና ያረጀውን ሁሉ ሰብስብ፣ ከሊፔ ጎን እንቀብረዋለን አልኩት። የራሴ መጽሐፍ እዚያው መኖሩ ትዝም አላለኝ። ጌጸል ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። በነተበ መጎናጸፊያ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ወረቀት ሲያገኝ ምን ያድርግ? የእጅ ጽሑፌን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ዓይን ያለው ሰው እንኳ ዶሮ የሄደበት ነው የሚለው። መቃብሩ አጠገብ ቆሜ ከረጢቶቹ ከሬሳ ሣጥኑ ጎን ሲወርዱ አየሁ። ሥራቸውን ስለ ጨረሱ ቃላት ክብር አጭር ንግግር አደረግሁ፤ ሰዎቹም ጥሩ ተናገርክ አሉኝ። ከዚያ አካፋውን አንሥቼ በገዛ እጄ አፈር አለበስኩት።

በሳምንቱ የቪልናው አታሚ ላክልኝ ብሎ ጻፈ። ሰገነቱ ላይ ወጥቼ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ባዶ ነው። ጌጸልን ስጠይቀው መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ግን ከደረጃው ላይ ቁጭ አለና ሽማግሌው ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ አቶ ማርጎሊስ የጉባኤውን ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ሬሳውን አንነካም፣ ጎን ጎኑን ቆፍረን ከረጢቱን ብቻ ማውጣት ነው አለ። መቃብር ያለ በቂ ምክንያት እንደማይከፈት እነሱም ያውቃሉ። ይከፈት የሚል ፈራጅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ከተማ ፈራጁ ደግሞ እኔው ነኝ። አንድ ሳምንት መጻሕፍት ውስጥ ተቀበርኩ። የሚከለክሉት ብዙ ናቸው። በመጨረሻ ግን ከቀደምት ፈራጆች አንዱ የሟቹ ቤተሰብ ከተስማማ ይፈቀዳል ያለበትን ቦታ አገኘሁ። ደስታዬን ብታዪ! ወዲያው ግን ልቤ ጠረጠረኝ፤ የሌላ ሰው መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ያን ፈቃድ ያን ያህል አጥብቄ እፈልገው ነበር ወይ? ቢሆንም ባርኔጣዬን አንሥቼ ወደ ሊፔ ሚስት ወደ ሐስያ ሄድኩ።

ያን ቀንም ጭጋግ ነበር። ቤቷን እያወቅሁት ሁለት ጊዜ የሰው በር አንኳኳሁ። ሐስያ ሻይ ቀድታልኝ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ሰማችኝ።

«ረቢ፣ ሊፔ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ያፍር ነበር» አለችኝ። «ከትምህርቱ ሲመለስ ዛሬ ረቢው ምን አሉ እለዋለሁ። ጥሩ ነገር ተናገሩ ይለኛል፤ ከዚያ በላይ አያውቅም። እኔም አሁንስ መጽሐፍ ታቅፎ ተኛ ብዬ ነው የተጽናናሁት። የእርስዎ ከሆነማ ይውሰዱት። እሱ እርስዎን እምቢ አይልም።»

ፈቃዷን ሰጠችኝ፣ እትዬ። የቀረኝ አመስግኖ መነሣት ብቻ ነበር። እኔ ግን ሻዩ በእጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ተቀምጬ ቀረሁ።

በሰንበታችን፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ዶብሬ ያቀረበችው የባቄላና የገብስ ወጥ አክብዶኝ ጋደም አልኩ። በሕልሜ አባባ የምኩራባችን መጨረሻ ወንበር ላይ ከሊፔ ጎን ተቀምጧል። መጽሐፌ ፊታቸው ተዘርግቷል። አባባ ገጽ ሲገልጥ ሊፔም ይገልጣል። የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረሱ ለማየት ጠጋ ስል ወረቀቱ ጭጋግ ሆነብኝ። አባባ ቀና ብሎም አላየኝ። አልተቆጣኝም፤ ሥራ ይዞ ነበር እንጂ። ስነቃ ትራሴ ርሶ ነበር።

እሑድ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ መቃብሩ አይከፈትም አልኳቸው። ለሕልም ብዬ አይደለም፤ በሕልም አይፈረድም። ከአንድ ድሃ ሰው ላይ የመጀመሪያውን መጽሐፉን ለራሴ ስል ልነጥቅ ስላልቻልኩ ነው። አቶ ማርጎሊስ በጣም ተናደደ። ለሰው ዶሮ ሲፈርዱ ይራራሉ፣ ለራስዎ ግን አይራሩም ብሎኝ በሩን ድርግም አድርጎት ወጣ። ጌጸል ሥራዬን ልልቀቅ አለ። ያዘዝኩህ እኔ ነኝ ብዬ አስቀረሁት። አሁን ጧት ጧት ቀለም ያመጣልኝና ወረቀቴን የት እንደማስቀምጥ ለማየት ቆሞ ይጠብቃል።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ። ከአዲስ ዓመት በዓላታችን በኋላ እንደገና ልጽፍ ተቀመጥኩ። የአባባን ድምፅ ፍለጋ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ያንቺ ድምፅ ነው። ክረምት ነው፤ አንቺ፣ ሴት ከተማሪዎች ጋር አትቀመጥምና፣ ከጣውላው ግድግዳ ጀርባ የዝይ ላባ ትነጫለሽ። አባባ ይጠይቀኛል። እኔ ስንተባተብ አንቺ ሥራሽን ሳታቋርጪ መልሱን ትናገሪያለሽ። አባባ ይስቅና ልጄ ኢሰር እንዲህ አለ ይላል፤ ተማሪዎቹም ያደንቁኛል። በዚያ በተቀበረው መጽሐፍ ውስጥ «እኔም እንዲህ ብዬ መለስኩ» የሚል ቃል ብዙ ቦታ አለ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ የእኔ ነበር? አባባ ነው የጀመረው ብዬ እንዳልከላከል ሃያ ሁለት ዓመት ብዕሩ በእኔ እጅ ነበር። ስምሽን አንድ ቦታ እንኳ አልጻፍኩትም። ታትሞ ቢሆን ኖሮ፣ እትዬ፣ በዚያው ጸንቶ ይቀር ነበር። አፍሬያለሁ፤ ይቅር በይኝ።

የምታስታውሺውን ጻፊልኝ። በቀን አንድ መሥመርም ቢሆን ይበቃል። ተሳስቼ ይሆናል ብለሽ አትተዪው፤ የእኔን ያህል አትሳሳቺም።

ለዙስማን ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ሻዩን በማር ይጠጣ። ለሂንዴና ለባሏ፣ ለትንሹ ልጃቸው፣ ለጎረቤታችን ለጺቪያም ሰላም በይልኝ። ዶብሬ ሁላችሁንም ትስማለች። አባባ መቃብር ስትሄጂ የሆነውን ሁሉ ንገሪው፤ አንቺ ብትነግሪው ይሻላል።

የአዲሱን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ትናንት ጻፍኩ። አባባ ጠየቀ፤ እኔ ዝም አልኩ፤ እህቴ ዝላቴ መለሰች ይላል።

ወንድምሽ ኢሰር

ሰንደርላንድ፤ ኪስሌቭ 5672፣ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር ኖቬምበር 1911