መርዶ ሁሉ ለሰገነት

አንቺ ዮርዳኖስ! ጌታ ይባርክሽ፣ ከጀርመን ብርድ ይሰውርሽ፤ ዛሬ ግን ተቆጥቼ ነው የምጽፍልሽ። ዝናቡ ደህና ነው፣ ላሟም ወልዳለች። አጎትሽን ቶላን ከቀበርን ሳምንታችን ነው።

የለቅሶውን ቪዲዮ አይተሽ፣ እህትሽ ሰገነት አላለቀሰችም ብለሽ፣ በቤተሰቡ ቴሌግራም «ልቧ ደንድኗል» ትያለሽ? አታፍሪም! እዚህ ሆስፒታል የአገሬውን ቋንቋ አሪኛን የምትችሉ ነርሶች እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ነበራችሁ። ሐኪሙ አማርኛ እንጂ አሪኛ የት ያውቃል? «ልጅሽ ሞተ» ብላችሁ ለእናት የምትናገሩት እናንተ ነበራችሁ፣ እየተካፈላችሁ። አንቺ ስትሄጂ ድርሻሽን ይዘሽ ሄድሽ? ሁሉም እሷ ላይ ወደቀ። «ሰገነት፣ ነይ ንገሪያቸው» ነው በየቀኑ። አጎትሽ ሊሞት ሰሞን በአንድ ሳምንት አምስት መርዶ ተናግራ መጣች። እህል ባቀርብላት ገፋ አደረገችውና «እማዬ፣ እንባዬ እምቢ አለኝ» አለችኝ።

የአጎትሽንም ሞት ያረዳችኝ እሷው ነች። መሬት ላይ ስወድቅ ደግፋ የያዘችኝም እሷ። አንቺ ቪዲዮ አየሽ!

ጌታ ልብሽን ያራራልኝ፣ ልጄ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። የሰደብሻት በሰው ፊት ነውና እዚያው ግሩፑ ላይ፣ አክስቶችሽ ሁሉ እያነበቡ መልሺልኝ፤ አንቺ ጥለሽው የሄድሽውን መርዶ ማን ይናገር?