ረድፍ ዐሥራ አራት ቁጥር ስድስትን «ክፍት ነው» ላሉ ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር የከተማችን መካነ መቃብር ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ አሁን ባለው አሠራር ወደ ግቢያችን ለመምጣት መቸኮልን ለማንም አልመክርምና።

እኔ በመዝገብ ቤትዎ ሃያ ሁለት ዓመት የሟቾችን ስም ስጽፍ የኖርኩ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ሚስቴንም ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ መካነ መቃብር ያሳረፍኩ ሠራተኛዎ ነኝ። በአደባባይ የምጽፈው፣ ሦስት ጊዜ ለቢሮዎ ያቀረብኩት ማመልከቻ «ታይቷል» ከሚል ማኅተም በቀር መልስ ስላላገኘ ነው። ማየትዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነውና አመሰግናለሁ።

፩ኛ፤ የመቃብር ቦታ የሚያድለው አዲሱ የድረ ገጽ ሥርዓት እንዴት ይጀመር ተብሎ ኮሚቴ በተቀመጥን ዕለት፣ ከባዶ ከመነሣት ዝግጁ ናሙና ይሻላል ብለው ስለ ወሰኑልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ድረ ገጹን የምትሠራው ባለሙያ ናሙናው ለሆቴል የተሠራ መሆኑን ብትናገርም፣ «ያው ሰው ማስተኛት አይደል?» ብለው አሳቁን። እኔም ስቄአለሁ።

፪ኛ፤ ሐዘንተኞች ቀብረው በገቡ በሦስተኛው ቀን «ቆይታዎ እንዴት ነበር? ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡናል?» የሚል መልእክት በስልካቸው ይደርሳቸዋል። አንዲት እናት ስልኳን ዘርግታ «አባባ፣ ምን ብዬ ልመልስ?» ስትለኝ፣ ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑ ከስንት ነገር እንዳዳነዎ ያኔ ገባኝ።

፫ኛው በእርስዎ ላይ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ባለሙያዋ «አባባ፣ የድሮው መዝገብ አብሮ ይግባ ወይስ ይቅር?» ብላ የጠየቀችው እኔን ነበር። አራት ሺህ ስም በአንድ ጣት ስለቅም ታየኝና «ይቅር ልጄ፣ ቀስ ብሎ ይደርሳል» አልኳት። እርስዎም «ጎበዝ፣ ሥራ አቀለሉልን!» አሉኝ። ስንፍናዬን በጨዋነት ስለ ሸፈኑልኝ አመሰግናለሁ፤ ሥርዓቱ ግን ስም ያልተጻፈበትን መቃብር ሁሉ ክፍት ይለዋል።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አንድ ቤተሰብ አስከሬን ይዞ መጣና ሥርዓቱ ያወጣለትን «ረድፍ ዐሥራ አራት፣ ቁጥር ስድስት» የሚል ወረቀት ሰጠኝ። ሚስቴ ናት። ሐውልት አላቆምኩላትም፤ እዚያ ለመተኛቷ ምስክሯ መዝገቡ ነበር። ቆፋሪው አካፋውን ይዞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፣ የሟቹ ልጅ «ወረቀቱ ክፍት ነው ይላል እኮ!» ብሎ ይቆጣል፤ እሱም እውነቱን ነው። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸውና ሌላ ቦታ ሄዱ።

በጸሎት ሰዓት አንገቴን የሚያስደፋኝ ግን ይህ አይደለም። ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት መጥቶልኝ፣ ቁጥሩን በእርሳስ አርሜ ዝም ብዬ ነበር። የጮኽኩት የራሴዋ ስትነካ ነው። እኔ ፈቃድ ላይ በነበርኩበት ሳምንት ስንት ወረቀት እንዳለፈ እንጃ።

ስለዚህ ስሙ ሁሉ ተጽፎ እስኪያልቅ ሥርዓቱ ይዘጋልኝ። እስከ ዛሬ ስድስት መቶ ዐሥራ አንድ ጽፌአለሁ። በተመረቀ በወሩ መዝጋት ያሳፍራል ማለትዎን ሰምቻለሁ፤ እፍረቱን ለእኔ ይስጡት፣ ድርሻዬ ነው።

ከታዛዥነቱ ጥፋቱ የሚበልጠው፣ ለጤናዎ ግን ያለማቋረጥ የሚጸልየው
የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ

ማሳሰቢያ፦ በምረቃው ዕለት ለእንግዶች ለማሳየት ብለው በራስዎ ስም የያዙት መቃብር እስካሁን አልተሰረዘም፤ ልሰርዘው ብሞክር «ባለ ቦታው በአካል ይቅረብ» ይለኛል። ቦታው ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሥራ አስኪያጅ ያረፉበት ነው። በሕይወት ሳሉ ወንበሩን የለቀቁልዎ በስንት ጭቅጭቅ እንደ ነበር ያውቃሉና፣ አሁን በፈቃዳቸው የሚነሡልዎ አይመስለኝም።