«ድምፅ የለውም» ስለተባለው አጭር ጠመንጃ፣ ለአደን ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር

ለክቡር ኢንጂነር ሲራክ
በጆሃንስበርግ የኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የአደን ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ጤናና ሰላም እመኛለሁ። ለቀኝ መዳፍዎ ደግሞ ለብቻው እመኝለታለሁ፤ ፋሻውን ያሰርኩት እኔ ነኝና ቁስሉ እንዴት እንዳደረ ማሰቤ አልቀረም።

ለማያውቁኝ አንባብያን ራሴን ላስተዋውቅ። ዶክተር ትሕትና እባላለሁ፤ በዚሁ ከተማ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነኝ። ወደ ማኅበርዎ የገባሁት እንስሳ ለመግደል ጓጉቼ አልነበረም። እርስዎ በአንድ ሠርግ ላይ «አደን ማለት ንጹሕ አየር ማለት ነው» ብለው ሲናገሩ ሰምቼ ነው፤ አየሩስ በእርግጥ ንጹሕ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በጓዳ ማናገር ጠልቼ አይደለም። በማኅበሩ የዋትሳፕ ገጽ ላይ የለጠፉትን የጠመንጃ ግምገማ እንዳነበብኩ አንድ አጭር ማስተካከያ እዚያው ጽፌ ነበር። እርስዎም በታላቅ ፍጥነት ከገጹ አስወጡኝ። እንግዲህ በሩ ከተዘጋ በመስኮት ከመጥራት ሌላ ምን ምርጫ አለኝ?

ግምገማዎ ባጭሩ የሚለው ይህ ነው። ድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት አጭሩ ጠመንጃ «እንደ ድመት እርምጃ ዝም ያለ ነው»፤ ዝምታውም «በዶክተር ትሕትና የድምፅ መለኪያ መሣሪያ በሕክምና ተረጋግጧል»፤ ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ የሚወጡ አባላት የጆሮ መሸፈኛ መያዝ አያስፈልጋቸውም። የኢምፓላዎቹ፣ የእነዚያ ሚዳቋ መሰል እንስሳት፣ መንጋ የሸሸውም «ዶክተሯ በያዘችው መሣሪያ ጩኸት» ነው። ቅሬታዎቼን በተራ ከማቅረቤ በፊት አብረውን ያልነበሩ አባላት ነገሩ እንዳይምታታባቸው የሆነውን ሁሉ እንደ ሆነ ልተርክ።

ጠመንጃውን በሞከርንበት ቀን በጠዋት እርስዎ፣ እኔና በሜይፌር ሰፈር የጅምላ መደብር ያላቸው አቶ ሱሩር እዚህ አገር ባኪ በሚሉት የርስዎ ፒክአፕ መኪና ተጭነን ከቤላ ቤላ ከተማ ወዲያ ወዳለ እርሻ ሄድን። የእርሻው ባለቤት አካባቢው ሁሉ «ኦም ፍሪክ» የሚላቸው፣ አጎት ፍሪክ እንደ ማለት ነው፣ ረጅምና ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ጠመንጃውም የርሳቸው ነበር። አባላት እንዲህ ያለውን ለመግዛት ስላሰቡ፣ እርሳቸው አጠገባችን ቆመው እየተቆጣጠሩ እንድንሞክረው ፈቀዱልን። አቶ ሱሩር የመጡት ቢላቸውን ስለው ነው፤ የቆሰለ እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው በሥርዓቱ ሊያርዱ። እኔን የጠሩኝ ደግሞ ለድንገተኛ ድምፅ የተሠራ መለኪያ ስላለኝ ነው።

ስለ ጠመንጃው ሐቁን ልናገር፤ ጥፋቱ የርሱ አይደለምና። አፈሙዙ አጭር ስለሆነ ያ ወፍራም ማፈኛ ተገጥሞበት እንኳ ከተራው ጠመንጃ አይረዝምም። ባኪው ውስጥ ሲገባም እንደ አሮጌው ጠመንጃዎ የአቶ ሱሩርን ጎድን አልወጋም። በየተኩሱ መቀርቀሪያውን በእጅ ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል፤ ቅቤ እንደ ተቀባ ይንሸራተታል። ነቀፌታ ካስፈለገ አፍንጫው ይከብዳል። አፍንጫ የምንለው እኔ ከማክመው የተለየ መሆኑን አባላት ይረዱልኝ።

መጀመሪያ ዒላማ ላይ ሞከርነው። ለሁላችንም የጆሮ መሸፈኛ አመጣሁ። ኦም ፍሪክ ሳይጠየቁ አጠለቁት፤ አቶ ሱሩር ቆባቸውን አስተካክለው ከላዩ ደፉት። እርስዎ ግን እጅዎን አወዛውዘው፣ «ዶክተር፣ ድምፅ ማፈኛ ተገጥሞ ጆሮ መድፈን ጣራ ሥር ቆሞ ጃንጥላ እንደ መዘርጋት ነው» አሉኝ። አባባሉ ያማረ ስለነበር ኦም ፍሪክ እንኳ እንድተረጉምላቸው ጠየቁኝ። ስተረጉምላቸው ግን አልሳቁም።

አንደኛው ቅሬታዬ ከዚህ ይነሣል። ኦም ፍሪክ አንዴ ያለ ማፈኛ ተኩሰው መለኪያዬ ከመቶ ስልሳ ዴሲቤል በላይ አሳየ። ከማፈኛው ጋር ሲተኮስ ወደ መቶ ሠላሳ አምስት ወረደ። ይህ ትልቅ ቅናሽ ነው፤ ለሠሪው ምስጋና ይገባዋል። ዝምታ ግን አይደለም፤ ጆሮ አጠገብ ሲፈነዳ የሚጎዳ ድምፅ ነው። ማፈኛው የባሩዱን ጩኸት ያለዝባል እንጂ ጥይቱ ከድምፅ ቀድሞ ሲሮጥ አየሩን እንደ ጅራፍ ማጮኹን አያስቀረውም። ይህንኑ እዚያው በአማርኛ ነገርኩዎ። በእንግሊዝኛም ደገምኩልዎ። እርስዎም ራስዎን ነቅንቀው «በጣም ጥሩ፤ ተረጋገጠ» አሉ። ምን እንደ ተረጋገጠ ያኔውኑ አለመጠየቄ የኔ ስንፍና ነው።

ዒላማውን ደጋግመው ሲተኩሱ፣ ሲስቱና ነፋሱን ሲወቅሱ ቆይተው፣ ኦም ፍሪክ በድንገት ትከሻዎን ነኩ። በአቅራቢያው ካለ ኩሬ ማዶ የኢምፓላ መንጋ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ያ ሁሉ ተኩስ ከወዴት እንደ መጣ ስላልገባቸው ቁብ አልሰጡትም፤ ማፈኛው ለአደን የሚበጀውም በዚህ ነው። ኦም ፍሪክም «አሁን ቀስ ብለን እንጠጋ። ማፈኛውን እንዳትነኩ፣ ግሏል» አሉ። ይህንንም በሁለት ቋንቋ ነግሬዎታለሁ።

ቁጥቋጦውን ተገን አድርገን ስንጠጋ እርስዎ ዝምታ የአዳኝ ጌጥ ስለ መሆኑ ትምህርት ጀመሩ። ኦም ፍሪክ ወደኔ ዘንበል ብለው «ይጸልያሉ እንዴ?» አሉኝ።

«የለም፣ እያስተማሩ ነው።»

«ማንን?»

«ሚዳቋዎቹን ይመስለኛል» አልኳቸው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ተኩሱ ነው። ግምገማዎ «ለመተኮስ ዕድል አልተገኘም» ይላል። ክቡር ሊቀመንበር፣ ዕድሉ ያን ቀን እንደ እንግዳ ከፊት ለፊትዎ ተቀምጦ ነበር። አነጣጥረው ተኮሱ፤ ከአውራው ኢምፓላ በላይ ያለ ቅርንጫፍ ወደቀ። መንጋው ቀና ብሎ ግራና ቀኝ አየና ወደ ሣሩ ተመለሰ። መቀርቀሪያውን ስበው ዳግመኛ ተኮሱ፤ ኩሬው ተረጨ። አንዲት ኢምፓላ መጥታ ከተረጨው ውኃ ጠጣች። በሦስተኛው ምን እንደ መቱ እስካሁን አላወቅንም፤ ኦም ፍሪክ ግን ላሞቻቸውን ሊቆጥሩ ማሰባቸውን ገለጹልኝ። ከኋላችን ቢላቸውን ይዘው በየተኩሱ ለመሮጥ የሚነሡት አቶ ሱሩርም በመጨረሻ «ሊቀመንበር፣ ቢስሚላህ እያልኩ ቆሜያለሁ፤ የማርደው ማን ነው?» ሲሉ በጨዋነት ጠየቁ።

ሦስተኛው፣ ክብሬን የነካው ነው። ይበልጥ እንጠጋ ብለው ከተንበረከኩበት ሲነሡ ጠመንጃውን በሰደፉ ሳይሆን በማፈኛው ጨበጡት። ቀጥሎ የሆነውን በግምገማዎ ላይ «የመሣሪያ ጩኸት» ብለውታል። እኔ የሰማሁት ወላጅ እናትዎን በሙሉ ስማቸው ሲጠሩ ነው። በአደራ ላስረዳዎ፤ የኔ መለኪያ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ያን ቀን ከመካከላችን ይህ ጠባይ የነበረው እርሱ ብቻ ነው። ደግሞም ክፍት ስለነበር ጩኸትዎን መዝግቦታል። ለእውነት ስል፣ ከጠመንጃው ያነሰ ነበር። ልዩነቱ ጠመንጃው በቅጽበት ሲጨርስ እርስዎ ትንፋሽ ወስደው መቀጠልዎ ነው። መንጋው አቧራ ሆኖ ጠፋ፤ የኩሬው ዳክዬዎች ሳይቀሩ አካባቢውን ለቀቁ።

እጅዎን ይዤ ቀዝቃዛ ውኃ ሳፈስበት፣ ኦም ፍሪክ ጠመንጃቸውን በሰደፉ አንሥተው፣ ከባኪያቸው ኋላ ቆልፈው፣ ቡና ሳይጋብዙን ሸኙን። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በመልሱ መንገድ ባዶ እጅ ወደ ቤት መግባት ስለ ከበደዎ ከመንገድ ዳር ፍየል ገዙ፤ አቶ ሱሩርም ቢላቸው እንዲሁ እንዳይመለስ ከሻጩ ግቢ አረዱት። ሥጋው ጣፋጭ ነበር፤ ስለ ድርሻዬ አመሰግናለሁ። ብቻ በግምገማዎ መጨረሻ በፎቶ ተደግፎ «የተገኘ ውጤት፦ አንድ መካከለኛ የዱር እንስሳ» ተብሎ ሲቀርብ፣ ጆሮው ላይ ያለው ባለቤቱ ያሰረበት ቢጫ የፕላስቲክ ቁጥር በፎቶው ጥርት ብሎ መታየቱን አንድ ወዳጅ ሊነግርዎ ይገባ ነበርና እነሆ ነገርኩዎ።

እስከዚህ ድረስ የሆነውን ሁሉ ስቄበት ላልፈው ነበር፤ ለእኅቴም በስልክ ተርኬላት ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ሳቄን ያጠፋው የአቶ ሱሩር የስልክ ጥሪ ነው። «ዶክተር፣ ቅዳሜ ወንድሞቼን ይዤ ልወጣ ነው። የጆሮ መሸፈኛ አያስፈልግም ተብሏል፤ የተጻፈውም ባንቺ ስም ነው። ያን ቀን አንቺ በእጅሽ ሰጥተሽኝ አልነበረም? የቱን ልመን?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ወደ ክሊኒኬ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጠው ሳቁ ያልፋቸዋል። «ምን አለ?» ብለው መጠየቅ ሰልችቷቸው፣ ሌላው ሲስቅ አብረው ፈገግ ይላሉ። ለአብዛኞቹ የሞተሩ ወይም የተኩሱ ድምፅ «ቀላል ነው» ብሎ የነገራቸው ሰው ነበር። የውስጥ ጆሮ አንዴ ከሞተ እንደ መዳፍ ቆዳ አይመለስም፤ ፋሻም የለውም። በስሜ ሥር እንዲህ ያለ ምክር ሲጻፍ፣ ከዓመታት በኋላ ያ ሰው በሬን ቢያንኳኳ ምን እለዋለሁ?

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ስሜን ከግምገማው ያውጡልኝ፤ የጆሮ መሸፈኛን ነገር ደግሞ ያርሙልኝ። ኢምፓላዎቹን ያባረርኩ እኔ ነኝ ማለቱን ከፈለጉ ይተዉት፤ እኔ እችለዋለሁ፣ ኢምፓላዎቹም አያነቡትም።

ለምላሽዎ እንዳይቸኩሉ አቶ ሱሩር ሸክሙን አቅልለውልዎታል። ከመደብራቸው አንድ ካርቶን የጆሮ መሸፈኛ አውጥተው ቅዳሜ በመነሻው ቦታ ላይ ቆመው ለያንዳንዱ አባል በነጻ ሊሰጡ ወስነዋል። መሸፈኛ ያላጠለቀ ሰው ካለ እርሳቸውና ቢላቸው ከቤት እንደሚቀሩ ለአባላቱ ነግረዋል። እንደ ሰማሁት ሁሉም ተስማምቷል። ኦም ፍሪክም ይህን ሲሰሙ በራቸውን ዳግመኛ ከፍተዋል፤ እርስዎንና ጠመንጃቸውን የሚመለከት አንድ ቅድመ ሁኔታ አኑረዋል፣ እርሱን ግን አቶ ሱሩር በአካል ቢነግሩዎ ይሻላል።

በአመራርዎ ስለ ተማርኩት ሁሉ፣ ስለ ንጹሑ አየር፣ ስለ ፍየሉ፣ እንዲሁም ከገጹ ስላስወጡኝ የስልኬ ባትሪ ቀኑን ሙሉ መቆየት ስለ ጀመረ ያለኝን ልባዊ ምስጋና እየገለጽኩ፣ በዒላማዎ ፊት ከቆመ ፍጡር ሁሉ ጋር በሰላም እንዲኖሩ የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ
ዶክተር ትሕትና
ጆሃንስበርግ

ማስታወሻ፦ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀኝ ጆሮው ውስጥ ፉጨት የሚሰማው አንድ የተከበረ ሰው ሊያማክረኝ ፈልጓል፤ ማንነቱን ግን፣ የሙያ ሥነ ምግባሬ ስለሚከለክለኝ፣ በአደባባይ አልናገርም። ቀጠሮው ሰኞ ጠዋት ነው። በጽሑፍ ማስታወቄን እንደ ንቀት እንዳያይብኝ እለምናለሁ፤ በስልክ ደጋግሜ ስነግረው «ማን ልበል? ጮክ በይ» እያለ ስላስቸገረኝ ነው።