ለሩብ ሰዓት ዝምታ

ለተወደድሽው እናቴ፣ ለወይዘሮ በለጡ፤ ወንበራ፣ ደብረ ዘይት።

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጪ አሁንም ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋዩ ላይ ታርፊያለሽ ወይስ በላክሁልሽ ቅባት ሻል አለሽ? ላሟ ወለደች? የጓዳው ክዳን ከነፋሱ ተረፈ? እህቴ የዝናሽስ እንዴት ናት? ሰርጓ ደረሰ ብላ እንቅልፍ አጥታ፣ ከስታ እንዳትጠብቀኝ። የአጎቴ የደባልቄ ሳል ለቀቀው? ሁላችሁንም ከናፍቆቴ ብዛት በየስማችሁ እየጠራሁ፣ እንደምን ናችሁ እላለሁ።

ይህን ለሚያነብልሽ ለወንድሜ ለምንውየለትም አንድ ነገር ልንገረው። ምንውየለት፣ እንደ ልማድህ እየዘለልህ አታንብብ። ዛሬ የጻፍሁት ሁሉ ለእማዬ ጆሮ ነው፤ የሚያሳፍረኝንም ቢሆን አንብብላት።

እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። በታኅሣሥ የያዘኝ ወባ ለቆኛል። የአሶሳ ሙቀት ግን አልለቀቀኝም። ቢሮአችን ቀስ በቀስ ቢሮ እየመሰለ ነው፤ ባለፈው ወር ለእኔም ወንበር ደረሰኝ። እስከዚያ የክልሉን ደብዳቤ ሁሉ የምጽፈው የሚስማር ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰዉ ግን ይህን አያይም፣ ዋና ከተማ ሆነናል ብሎ ደረቱን ነፍቷል። እኔና አንቺም አንድ ክልል ነን ይሉናል፤ ይህ ደብዳቤ ግን ወለጋን አቋርጦ፣ አዲስ አበባ ሰንብቶ፣ በጎጃም ዞሮ ነው አንቺ ዘንድ የሚደርሰው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በጥር በጻፍሁልሽ ደብዳቤ ለየዝናሽ ሰርግ ዲጄ አመጣለሁ ብዬሽ ነበር። ወንበራ ዲጄ አይቶ አያውቅም፣ አገር ጉድ ይላል፣ አንቺም ጉሮሮሽን አታድክሚ፣ ነጠላሽን ለብሰሽ እንደ እመቤት ቁጭ በይ ብዬሽ ነበር። አንቺም «እሺ ልጄ፣ አንተ ካልህ ዝም እላለሁ» ብለሽ አስጻፍሽልኝ። እኔ ሞኙ ደስ ያለሽ መስሎኝ ደብዳቤሽን ለቢሮ ጓደኞቼ ሳነብላቸው ሰነበትሁ። እማዬ፣ ዲጄ አላመጣም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

በቢሮአችን ኢንዓም የምትባል ታይፒስት አለች፣ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ። አባቷ በልጅነቷ ሞተውባት እናቷ ወይዘሮ ሰዕዲያ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። የረመዳን ጾማቸውን በፈቱ በሳምንቱ፣ የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ ኩርሙክ አስተማሪ ለሆነው ለሱለይማን ተዳረች። ኩርሙክ ሱዳን ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ መንገዷ መንገድ አይባልም። እዚያ የተዳረች ልጅ ቶሎ አትመለስም። እኛም የሥራ ባልደረቦቿ እንርዳት ብለን የሰርግ ኮሚቴ አቋቋምን። ሰብሳቢው ለገሰ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ጸሐፊው እኔ።

ወይዘሮ ሰዕዲያ ከኮሚቴው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በቤታቸው ደንብ ሙሽራዋ ከዳሱ ስትወጣ እናት ዘፈን ታወጣለች፣ የእናቲቱ ወንድሞች በመለከት ይቀበሏታል። ወንድማቸው ባቢከር ከነጓደኞቻቸው ያን ዙምባራ የሚሉትን ረጅም መለከት ይነፋሉ። ቅል በቅል ላይ ቀጣጥለው የሚሠሩት ነው። የሚገርምሽ፣ አንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። የእሱ ተራ ሲደርስ ይነፋል፣ ከዚያ ለሌላው ይለቃል፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ሲኖሩ ነው። አንድ ሰው ከጎደለ ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ይሆናል። ሴትዮዋ ይህን ሲያስረዱን ለገሰ ሰዓቱን እያየ ነበር። ሲወጡ «ይዝፈኑ፣ ማን ከለከላቸው፤ ግን በክልል ዋና ከተማ ያለ ዲጄ ሰርግ አለ እንዴ?» አለ። እኔም አለቃ ተናገረ ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ።

ዲጄው ቴዎ ይባላል። ከነቀምት በፒክአፕ ጄኔሬተርና ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ሁለት ሞንታርቦዎች ጭኖ መጣ። ዋጋው አንድ ሺህ አራት መቶ ብር ነው። የአራት ወር ደመወዜ እኮ ነው እማዬ! ሁለት የእርሻ በሬ ገዝቶ ገመድም ይተርፋል። ቤንዚኑ በእኛ፣ ማረፊያው በእኛ፣ ምሳው ለብቻው በተለየ ጠረጴዛ፣ ለስላሳው ካልቀዘቀዘ አይጠጣም። በማይክራፎን የሰው ስም በጠራ ቁጥር ደግሞ አምስት ብር። ይህን ሁሉ ማስቲካውን እያላመጠ ሲዘረዝር አንዳችንም ቀና ብለን አላየነውም።

ከዚያ ውል እንጻፍ አለ። በካርቦን በሦስት ቅጂ ጻፍሁለት፣ በዚያ አንቺ በምትኮሪበት የእጅ ጽሑፌ። አራተኛው ቁጥር ላይ ስንደርስ «ሌላ ድምፅ እንዳይረብሸኝ በል» አለኝ። እኔ የተማርሁት ደግሞ አሳምሬ፣ «ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከዲጄው መሣሪያ በስተቀር መለከትም ሆነ ከበሮ በዳሱ ውስጥ አይሰማም» ብዬ ጻፍሁ። መለከት የሚለውን ቃል እሱ አላለኝም። እኔ ነኝ የጨመርሁት፣ ውሉ የተሟላ እንዲሆን ብዬ። የወይዘሮ ሰዕዲያን ልመና ረስቼው አይደለም፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይዘፍናሉ ብዬ በልቤ አለፍሁት። የኩርሙኩ መኪና ሳይመሽበት ለመግባት በዘጠኝ ተኩል እንደሚነሣ የሰማሁት የሰርጉ ዕለት ነው።

የሰርጉ ዕለት ዳሱ ከቀርከሃ ተሠርቶ፣ ሣር ተጎዝጉዞበት አምሮ ነበር። ልክ በስድስት ሰዓት ያ ሰው መሣሪያውን ለቀቀው። እማዬ፣ የዳሱ ቀርከሃ ተንቀጠቀጠ። ሕፃናት ጆሮአቸውን ይዘው አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጡና የተጠሩበትን ሰርግ ከውጭ ሆነው አዩት። ዳሱ ውስጥ የቀረነውም ከጎናችን ካለው ሰው ጋር መነጋገር አቅቶን እንደ ዲዳ በእጅ እንጠቋቆም ነበር። እሱ ደግሞ በየዘፈኑ መሐል «ዲጄ ቴዎ! ዲጄ ቴዎ!» ይላል። የሙሽራዋን ስም አንዴ ከጠራ የራሱን አሥር ጊዜ ይጠራል፣ የራሱ ስም በነጻ ነዋ።

በስምንት ሰዓት ገደማ እነ ባቢከር ደረሱ፤ ዘጠኝ ሆነው፣ በእግራቸው፣ አቧራ እስከ ጉልበታቸው። መለከቶቹን የዳሱ ምሰሶ ላይ አስደግፈው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጡ። ቴዎ ምሳውን ሊበላ ሲመጣ ላብ የጠጣ ጃኬቱን አውልቆ ከመለከቶቹ አንዱ ላይ ሰቀለው፣ እንደ መስቀያ! ባቢከር ተነሡ። ጃኬቱን ቀስ አድርገው አወረዱት፣ አጠፉት፣ ወንበር ላይ አስቀመጡለት። እኔ ይህን ሁሉ ቆሜ አየሁ፣ ቆሜም ከርከዴ የሚሉትን ቀይ መጠጣቸውን ጠጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የኩርሙኩ መኪና መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። ወይዘሮ ሰዕዲያ ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ እነ ባቢከርም መለከታቸውን አነሡ። ቴዎ ግን አልቀነሰም። ሄጄ በጆሮው አቁም ብዬ ጮህሁበት። ፈገግ አለና ከኪሱ ውሉን አወጣ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ አራተኛውን ቁጥር በማይክራፎን አነበበው። «ጸሐፊ የሻው» ብሎ ስሜን ጨምሮ! መለከትም ሆነ ከበሮ የሚለውን ቃሌን ያ ሁሉ ሰው ሰማው። አማርኛ ለማይሰሙት ደግሞ የሚሰሙት ሲተረጉሙላቸው አየሁ። ወዴት ልግባ? ቢከፈለው ግን ለሩብ ሰዓት ዝም ማለት እንደሚችል ነገረን፣ መቶ ብር። ለማስጮህ የከፈልነውን ሰው ዝም ለማሰኘትም ከፈልነው። እኔና ለገሰ ኪሳችንን ስንዳብስ፣ እሱም አንዷን የተቀደደች አሥር ብር ትቀየርልኝ ብሎ ሲያስቆመን፣ ከመለከት ነፊዎቹ ሁለቱ ተዋርደናል ብለው ወደ ቤታቸው መንገድ ገቡ። ባቢከር ተከትለው ቢለምኗቸውም አልተመለሱም።

እንግዲህ ወይዘሮ ሰዕዲያ ዘፈኑን በሰባት ሰው አወጡት። ቀጭን ድምፅ ነው ያላቸው፣ አንድ እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ነው የሚዘፍኑት። የሁለቱ ሰዎች ተራ ሲደርስ ባዶ ይሆናል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ባዶውን ይጠብቁታል፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ኢንዓም በዳሱ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ቋንቋውን ባልሰማም ገና መሐሉ ላይ እንደነበሩ ገብቶኛል። ያ ሰው ግን ሰዓቱን መቁጠር የጀመረው ብሩን ከተቀበለበት ጀምሮ ነበርና፣ እጁን ከፍ አድርጎ ሰዓቱን አሳየንና ከፈተው። የሴትዮዋ ከንፈር ጥቂት ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አፋቸውን ዘጉ። ልጅቷን ወደ መኪናው አስገቧት፣ ሄደች። ያን ጊዜ ቴዎን ማነቅ አማረኝ፤ ግን ውሉን የጻፈው የእኔ እጅ ነው፣ በየትኛው እጄ ልነቀው?

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድሁ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ከርከዴ ቀዱልኝ፣ ወንበር አቀረቡልኝ። ተንበርክኬ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኋቸው። ሴቱንም ወንዱንም በወንድ በሚጠራው አማርኛቸው «ልጄ ሄደ። ዘፈኑ ሳይሰማ ሄደ። ኩርሙክ ሩቅ ነው፤ እኔ እዛ ሄዶ አይዘፍንም» አሉኝ። ብርጭቆዬን ደግመው ሞሉና፣ «አንተ እናት አለህ?» ብለው ጠየቁኝ። አለችኝ አልኋቸው። «እሱስ ይዘፍናል?» አሉኝ።

እማዬ፣ በደብረ ዘይት ሰርግ ሁሉ ዘፈን የምታወጪው አንቺ እንደሆንሽ ለእሳቸው እንዴት ልንገራቸው? ማታ ቤቴ ገብቼ ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና አነበብሁት። «አንተ ካልህ ዝም እላለሁ።» የሰውን ልጅ ሁሉ ዘፍነሽ የዳርሽ ሴት፣ በራስሽ ልጅ ሰርግ አፍሽን ዝጊ ያልሁሽ እኔ ነኝ። ያን ደብዳቤ ነው ለጓደኞቼ እያነበብሁ የሳቅሁት። ቴዎማ ቴዎ ነው፣ ሥራው ነው። ራሴን ግን ተጸየፍሁት፤ እህል ሲቀርብልኝ እጅ እጅ እያለኝ ሰነበትሁ።

ለየዝናሽ ሰርግ የተዋዋልሁት ዲጄ ቻግኒ ያለ የዚሁ የቴዎ ጓደኛ ነበር። ውሉን ቀድጄዋለሁ። ቀብዴን በስልክ ብጠይቅ አይመለስም አለኝ። ይብላው፣ አይጥመውም። የዝናሽ ለጓደኞቿ አውርታ ከሆነና ካኮረፈችብኝ ግን እውነቷን ነው፤ ተስፋ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእሷም የአንቺም አይደለም በይልኝ። እኔ ለሰርጉ፣ ለዳግም ትንሣኤ፣ ፈቃድ ጠይቄአለሁ፣ መንገዱን ሁሉ ዞሬ እመጣለሁ። ድምፄ የአህያ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ፣ አገሩም ያውቃል። ቢሆንም ከተቀባዮቹ ፊት ቆሜ እቀበልሻለሁ። የዝናሽም፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ከበሩ ንቅንቅ እንዳትል፤ በቅሎው ይጠብቃታል።

ሰላምታዬን ለየቤቱ አድርሺልኝ። እህቴን የዝናሽን፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ብለሽ ግንባሯን ሳሚልኝ። አጎቴ ደባልቄን ጉልበቱን እስማለሁ፤ ያን ከበሮ ከቆጥ አውርዶ ፀሐይ ያሙቀው፣ ቆዳው ላልቶ ይሆናል። ድንጋዩ ላይ አብረውሽ የሚያርፉትን ጎረቤቶችሽን ሁሉ እንደምን ናችሁ በይልኝ። አንቺን ሁለት ጉንጭሽን፣ ያን ጉልበትሽንም ስሜአለሁ።

ምንውየለት፣ አንተን በመጨረሻ ያደረግሁህ የማዝዝህ ስላለኝ ነው። እማዬ መልስ ስታስጽፍህ አሁንም «ዝም እላለሁ» ካለችህ፣ አትጻፍላት።

ልጅሽ የሻው
አሶሳ፣ የካቲት 13 ቀን 1989 ዓ.ም.