ከበደኝ ብላ ነበር

ውድ ጋሼ፣

እርስዎ ካረፉ ሦስት ወር ሆነ። በሕይወት እያሉ በየቀኑ አጠገብዎ ቆሜ መናገር ያቃተኝን ነገር አሁን ለወረቀት ስነግረው ወኔ አገኘ እንዳይሉኝ። ፈሪ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ብቻ ከዚህ በላይ ዝም ብዬ መኖር አልቻልኩም።

ዘጠኝ ዓመት ረዳትዎ ሆኜ ሠርቻለሁ። አዲስ ሰው ወደ ጂሙ በመጣ ቁጥር፣ ያን ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት ፊት አቁመው የመጀመሪያውን ሳምንት በመጥረጊያ እንጨት ብቻ ሲያሠሩት አይቻለሁ። ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይጠጋ፣ ክርን እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ድርቅ እንዳይል፣ ወደ ላይ የወጣው ነገር ሁሉ በቀስታ እንዲወርድ። አንድ ደረቱን የነፋ ጎረምሳ «እኔ ለመጥረጊያ አልመጣሁም» ሲልዎት፣ «የኔ ጌታ፣ መጀመሪያ በወጉ ያዝልኝ፤ ወለሉን በኋላ ትጠርግልኛለህ» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። እኔም ስጀምር በሦስተኛው ቀን መጥረጊያውን ጥዬ ወደ ብረቱ ስለሮጥኩ ነው «ቸኩሌ» ያሉኝ፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ቀልድ የማያውቁበት አንድ ነገር ነበር። «ሰው ከበደኝ ካለህ አትከራከረው፤ አውርድለት» ይሉኝ ነበር። «ጡንቻው ሲዝልበት እግሩን ቀጥ አድርጎ አጥንቱ ላይ ማረፍ ያምረዋል። ያኔ ክብደቱ በሙሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ጡንቻ ይቅር ይልሃል፤ መገጣጠሚያ ግን ቂመኛ ነው።» ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቁጥሩን አላውቀውም።

ያን ቀን ልጅዎ ለክብደት ማንሳት ቡድን ምርጫ ውድድሯ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር። እግር መግፊያው ማሽን ላይ መጀመሪያ እርስዎ ሠሩ። ከዚያ የራስዎን ብረት አውርደው የእሷን ልክ ጫኑና እጅዎን ሊታጠቡ ሄዱ። እኔ የጫኑላትን አየሁና በልቤ «ልጃቸው ስለሆነች ይሳሱላታል» አልኩ። እሷ አጎንብሳ ጫማዋን ስታስር ከግራም ከቀኝም አንዳንድ ብረት ጨመርኩ። ሳታውቀው ገፍታ ስትጨርስ እሷንም እርስዎንም ላስደንቅ ነበር ሐሳቤ።

አራተኛው ግፊት ላይ «ዛሬ ምን ነካኝ፣ ከበደኝ» አለች። «እንቅልፍ አጥተሽ ነው፤ ግፊ» አልኳት። ስድስተኛው ላይ እግሮቿን ጨርሳ ዘርግታ ልታርፍ ሞከረች። የቀኝ ጉልበቷ ወደ ኋላ ታጠፈ።

እጅዎ እንደራሰ ሮጠው መጡ። ብረቱን አነሣንላት፣ ወለሉ ላይ አስተኛናት። ከዚያ ዞር ብለው ማሽኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ቅድም እኔ ነበርኩ የሠራሁበት» አሉ። «የራሴን ሳላወርድ ረስቼው ነው። አይደል?»

እኔን እኮ ነበር የጠየቁት። «ሊሆን ይችላል ጋሼ» አልኩ።

ማታ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከቀዶ ጥገናዋ በኋላ፣ ክራንቹን ስትጥል፣ እሳቸውም ትንሽ ሲረጋጉ እያልኩ ቀኑን ገፋሁት። እሷ ዳግመኛ አልተወዳደረችም፤ ደረጃ ስትወጣ እስከ ዛሬ ቀኝ እግሯን ትጎትታለች። ብትቆጣዎት ይሻል ነበር። እሷ ግን እንደታመመ ሰው ትጠነቀቅልዎት ጀመር። የመኪናዎን ቁልፍ ወሰደች። «አባዬ፣ ምድጃውን አጥፍተሃል?» እያለች በቀን አምስቴ ትደውላለች። እርስዎም መርሳት እንደጀመሩ አመኑ። በር ቆልፈው ከሄዱ በኋላ ሦስቴ ተመልሰው ይገፉታል። ሐኪሙ «ምንም የለብዎትም» ሲልዎት «ሊያጽናናኝ ነው» አሉ። በመጨረሻም የጂሙን ቁልፍ መዳፌ ላይ አድርገው «ሌላ ሰው ሳልጎዳ ልቀመጥ። አንተ ንቁ ነህ» አሉኝ። ተቀበልኩ። አመሰገንኩዎትም።

የልጅ ልጅዎ በተወለደ በሁለተኛው ወር እንኳን ደስ አላችሁ ልል ቤታችሁ መጣሁ። እርስዎ ሶፋው ላይ ነበሩ፣ እኔ አጠገብዎ። ተነሡና እግርዎን ከፈት፣ ጉልበትዎን ለመም አድርገው፣ ክርንዎን ወደ ጎንዎ ሰብስበው እጅዎን ዘረጉ። ዕድሜዎን ሙሉ ሰው ሲያስተምሩት የኖሩት አቋቋም ነበር። «እስቲ ልቀፈው» አሏት ልጅዎን። «ለአንድ ደቂቃ፤ አንቺም ከሥር ደግፊው።»

«በኋላ፣ አባዬ» አለች ዓይንዎን ሳታይ። «ድንገት ብትረሳና...» አልጨረሰችውም።

«ልክ ነሽ» ብለው ተቀመጡ። እጅዎን ጭንዎ ሥር ከተቱት። እኔ የቀረበልኝን ውሃ ጠጣሁ። ጋሼ፣ ያቺን ሰዓት ሳስብ ራሴን እጠላለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ልጁ እቅፍዎ ውስጥ ይገባ ነበር።

ሳንባዎ ታሞ በአሥር ቀን ውስጥ ሲሄዱብን፣ ልጁን አንድ ቀን እንኳ አላቀፉትም።

ባለፈው እሑድ ሄጄ ለልጅዎ ነገርኳት። ተቀመጥ ብትለኝም ቆሜ ነው የነገርኳት። እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅላ እስክጨርስ ሰማችኝ። ስለ ጉልበቷ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም።

«አባዬ ልጁን ልቀፈው ያለኝ ቀን አንተም ነበርክ፣ አይደል?» አለችኝ።

«ነበርኩ።»

«አጠገቡ ነበር የተቀመጥከው።»

«አዎ።»

ተነሥታ እያነከሰች ወደ መኝታ ቤት ገባች። ልጁን ከአልጋው ስታነሣው ተሰማኝ። ቀጥሎ ድምጿ መጣ። ለልጁ የምታወራ መስሎኝ ነበር፤ ለእርስዎ ነበር። «አባዬ፣ እሺ እቀፈው» ትላለች። «እቀፈው በቃ፣ እቀፈው።»

የጂሙን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ይቅርታ ብጠይቅዎት እንደማይነፍጉኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልጠይቅም። ያኔ ሲጠይቁኝ መመለስ የነበረብኝን ብቻ ልመልስልዎት። ብረቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ምንም አልረሱም።

ቸኩሌ