ለኮርትኒ ያልተፈቀደ ቃል

ለክብርት ዶክተር ሄስተር ዋይንፍሌት
በሃቨርቢ ኮሌጅ የተማሪዎች ጽሑፍ አጣሪ ጉባኤ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የግሪምስቢ የባሕር ንፋስ ጤናዎን ሳይዳፈር፣ የጉባኤዎንም አባላት ጉንፋን እንኳ ሳይጎበኛቸው የብርዱን ወራት እንደተሻገሩ ተስፋ አደርጋለሁ። ስሜ ባሪ ስታመርስ ነው፤ በዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ልጄ ኮርትኒ በጉባኤዎ ፊት ስትጠየቅ ከጎኗ የተቀመጥኩት፣ «አጃቢ መናገር አይፈቀድለትም» ተብዬ አፌን ይዤ የወጣሁት ሰው ነኝ። ያኔ የከለከሉኝን ዛሬ በጋዜጣ ስናገር መድፈሬን ይቅር እንደሚሉኝ አልጠራጠርም።

አንደኛ፤ የልጄን ጽሑፍ እንደዚያ በጥንቃቄ ስላነበቡላት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጽሑፉ ቤታቸውን ማሞቅ ላቃታቸው ሰዎች በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ስለሚከፈተው ሞቃት ክፍል ነበር። ኮርትኒ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የሚውሉትን ሽማግሌዎች አነጋግራ፣ እነርሱ ያሏትን ጻፈች። ከዚያ መጨረሻው ላይ፣ ይህ ክፍል ድህነትን አያጠፋውም፣ «አሚሊየሬት» ያደርገዋል እንጂ፣ አለች። ከዚያ ሁሉ ብርድና ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እርስዎን ያሳሰበዎት ይህ አንድ ቃል ሆነ። «ከተማሪዋ ከሚጠበቀው ደረጃ በላይ የሆነ ቃል» ብለው ከሥሩ አሰመሩበት፤ ጽሑፉንም ኮምፒውተር ጽፎላታል ተባለ። አባቷ ሆኜ ከእሷ ምን እንደሚጠበቅ ልክ አበጅቼለት አላውቅም ነበርና ስላበጁልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ቃሉ ወደ ቤታችን እንዴት እንደገባ ባለመጠየቅዎ ጊዜዎን ስለቆጠቡ እኔው ልንገርዎ። ባለቤቴ ማንዲ ሳንባዋ ታሞ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ፣ ሐኪሟ ዶክተር ራማናታን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ በሽታው እንደማይድን፣ ግን «አሚሊየሬት» ሊደረግ እንደሚችል ነገሯት። ማንዲ ያልገባትን ነገር ገብቶኛል የምትል ሴት አልነበረችም።

«ዶክተር፣ ይሄን በኛ ሰፈር ቋንቋ ይበሉልኝ እስቲ።»

«ዝናቡን አላቆምልሽም፤ ጃንጥላ ግን እይዝልሻለሁ ማለት ነው» አሏት።

ከዚያን ቀን ወዲያ ቃሉ የቤታችን ሆነ። ማንዲን ወደ ቤት ካመጣናት በኋላ ኮርትኒ ትራስ አስተካክላ፣ «እማዬ፣ አሁንስ አሚሊየሬት አደረገሽ?» ትላታለች። እናቷም ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ትራሱስ አድርጎኛል፤ የአባትሽ ሾርባ ነው እምቢ ያለኝ!» ትላለች። ሁለቱ እየተያዩ ይስቃሉ፤ ሳቁ ሳል ይሆናል፤ ሳሉ እስኪያልፍ እጇን ይዘን እንጠብቃለን። ማንዲ በጥር ወር አረፈች። ልጄ ጽሑፉን የጨረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፤ በጉባኤው ዕለት ስላሳዩን ትህትና። ውኃ ቀረበልን፤ ወንበሩም ምቹ ነበር። እርስዎም በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ፣ «የኔ እመቤት፣ ይህን ቃል በራስሽ አነጋገር ብታስረጂን?» አሏት።

«ሳይድን ሲቀል ማለት ነው» አለች ኮርትኒ።

ከዚህ የተሻለ ትርጉም ቢያገኙ ይላኩልኝ። ከቀኝዎ የተቀመጡት ሚስተር ፔልሃም ግን፣ «መዝገበ ቃላቱ ማሻሻል ነው የሚለው» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ቀጥለውም የት እንዳነበበችው ጠየቋት።

«አላነበብኩትም፤ ሰምቼው ነው።»

«ከየት?»

ዞር ብላ አየችኝ። መናገር አልተፈቀደልኝም። «እናቴ ታማ ተኝታ ሳለ» አለች።

ሚስተር ፔልሃምም እስክሪብቶአቸውን እንዳነሱ፣ «አዝናለሁ፤ ግን የትኛው ድረ ገጽ ላይ ነው?» አሉ።

እርስዎ ያን ጊዜ ቀና ብለው አይተዋቸዋል። አይቻለሁ። አንድ ቃል ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ እርስዎ ግን ሰዓትዎን አይተው ስለ ትብብራችን አመሰገኑን። የቤታችን በር ላይ ስንደርስ ልጄ፣ «አባዬ፣ እማዬን ባልጠራት ይሻል ነበር፤ ለማንም ምንም ያልሆነችበት ቦታ ላይ ጠራኋት» አለችኝ።

የቀረውን ቁጥር አልሰጠውም። ውሳኔው ዜሮ ሆነ። በደግነትዎ እንደገና እንድትጽፍ ፈቀዱላት፤ የቱንም ያህል አሳምራ ብትጽፍ ግን ከዝቅተኛው ማለፊያ በላይ አይሰጣትም ተባለ። ይግባኝ ብለን ጻፍን፤ አሠራሩ በትክክል ተከብሯል የሚል ባለሁለት መስመር መልስ ደረሰን። ያ ማለፊያ ደግሞ ለነርስነት ትምህርት ሊቀበላት የነበረው ዩኒቨርሲቲ ከጠየቀው በታች ነበርና ቦታዋ ለሌላ ተሰጠ። እናቷን እንዳስታመመች ሌላውንም ልታስታምም ነበር የፈለገችው።

ኮርትኒ እንደገና ጻፈች። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ ረዘም ያለውን ቃል ሁሉ እየፈለገች ስትሰርዝ አየኋት። «ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት። «ራሴን እየመሰልኩ ነው» አለችኝ። እርስዎም አሳለፏት፤ በጽሑፉ ግርጌም «አሁን እውነተኛ ድምፅሽ ተሰማን» ብለው በእጅዎ ጻፉላት። እውነተኛ ድምፅዋ የትኛው እንደሆነ እናቷ ታውቀው ነበር። አሁን ልጄ እራት ላይ እንኳ ቃል ትመርጣለች፤ ከአፏ አንድ የተለየ ነገር ሲያመልጣት ደንግጣ ታየኛለች፤ እኔን፣ አባቷን።

እንግዲህ ክብርት ሆይ፣ ትልልቅ ቃላትን ከትንንሽ ቤቶች ስለሚጠብቁልን፣ ሐዘንንም ያለ ድረ ገጽ ማስረጃ ባለመቀበል የኮሌጅዎን ክብር ስላስከበሩ፣ ዕድሜና ጤና አብዝቶ እንዲሰጥዎ፣ ሲያምዎም ከአልጋዎ ጫፍ ቁጭ ብሎ በሰፈርዎ ቋንቋ የሚነግርዎት ሰው እንዳያጡ ከልብ እመኛለሁ።

ከሚጠበቅበት በላይ የጻፈው
ባሪ ስታመርስ፣ የማንዲ ባል፣ የኮርትኒ አባት

ተጨማሪ፦ ባለፈው ሳምንት ከኮሌጅዎ ስልክ ተደውሎ፣ ለመጪው ዓመት ማስታወቂያ «ድምፅሽን የምታገኚበት ቤት» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የኮርትኒን ፎቶ ለማውጣት ፈቃዷን ተጠይቃለች። የሰጠችውን መልስ ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ፦ «ያንሱኝ፤ ግን አፌን ዘግቼ ነው።»