የበረኛው ፊርማና የኔ አውራ ጣት

ታረቀኝ፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ የኔንም ድርሻ ጨምረህ ብላ። ቁልፉንም ይህን ወረቀትም ጎረቤታችን እማማ አልጣሽ ጋ ትቻለሁ።

የምትወደውን የኳስ በረኛ ፎቶ ግድግዳው ላይ ስታጣው ሌባ ገባ ብለህ ሰፈሩን እንዳትበጠብጥ። የወሰድኩት እኔ ነኝ።

«ፊርማው ከነፎቶው የታተመ ነው፤ በእጁ አልፈረመም» ብዬህ የለ? አንተም ጠጅ ቤት፣ ሰው ፊት፣ «ከአራተኛ ክፍል የወደቀ ደግሞ ፊርማ መርማሪ ሆነ!» ብለህ አሳቅህብኝ። እሱን አልረሳሁትም።

ዛሬ አንተ ሥራ ስትሄድ፣ ላሳፍርህ ብዬ አውራ ጣቴን በምራቅ አርሼ ፊርማውን ፈተግ ፈተግ አደረግኩት። የታተመ ቢሆን አይለቅም ነበር።

ለቀቀ።

እንኳን ደስ ያለህ፤ እውነተኛ ነበር። አሁን በፊርማው ቦታ የኔ አሻራ ቁጭ ብሎ፣ ፎቶው ፊደል ያልቆጠረ ምስክር የፈረመበት ውል መስሏል።

በረኛው ለዘመድ ሰርግ ይርጋጨፌ መጥቷል አሉ። እንደገና እንዲፈርምበት ልለምነው በቀትሩ አውቶቡስ ሄጃለሁ። ይዤው ስመለስ «ራስህ ነህ የፈረምከው» ብትለኝ አልፈርድብህም።

ብቻ በምራቅ እንዳትሞክረው።

ገሪማ